የተወረሰው አልጋ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ አባያ ሐይቅ እንደ ወትሮው የሸክላ አፈር መስሎ፣ ጫሞም ሰማዩን መስሎ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ኮረብታም የእግዜር ድልድይ የሚለውን የጥንት ስሙን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ስሙ ያልተለወጠበት ነገር ጥቂት ነው። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር፣ እንደራሴው ዋና አስተዳዳሪ፣ አቶውም ጓድ ተብሎ ነበር፤ ሰው የልጅነት ባልንጀራውን እንኳ ሲጠራ በየትኛው ስም እንደሚጠራው አስቦ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር የሚጠራው። ላይኛው ሰፈር ሴቻ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶቹን ይዞ ቁልቁል ያያል፤ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ደግሞ ገበያውን፣ ወባውንና ሙቀቱን ይዞ ሽቅብ ያያል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በዚያ በሲቀላ ሰፈር ወርቂቱ ካሱ የምትባል ሴት ነበረች። የዶርዜ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ካሱ ከቀርከሃ ቤት የሚጎነጉኑ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሰው ነበሩ። ባሏ ደግፌ ውብአየሁ በእርሻ ጽሕፈት ቤት መጋዘን የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ትሑት ሰው ሲሆን፣ አንድ ነገር ግን ከስሙ ጋር ተጣብቆበት ይዞር ነበር፤ አባቱ በቀድሞው ዘመን ግራዝማች ነበሩ። በሌላ ዘመን ይህ ወንበር ያስለቅቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን ያስጠይቃል።

ወርቂቱ ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባት ነበር። ይህኛው ግን ጸና፤ ወሯም ገባ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ያስጠረጥራት ጀመር፤ ውኃው፣ ጥላው፣ የሰው ዓይን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛ አልጋቸው። አልጋው ጠባብ ነው፤ ደግፌም ንዳድ ሲነሣበት ከጫሞ እንደ ወጣ ዓሣ ይንፈራገጣል። ሕፃን ልጅ በመካከላቸው እንዴት ይተኛል? ስለዚህ የልጅ አልጋ፣ የራሱ አጎበር ያለው፣ ያስፈልጋል ተባለ፤ ተባለና ወሬው ቀበሌ ደረሰ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ገነነ ይባላል። የቀድሞ አስር አለቃ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ሳይጨርስ ጥሎ ወታደር የሆነ ሰው ነበር፤ ቅኔ ጨርሶ የተማረ ሰው ከቅኔው ያርፋል፤ ጀምሮ የተወው ግን ዕድሜ ልኩን በሰው ንግግር ሁሉ ውስጥ ሰምና ወርቅ ሲፈልግ ይኖራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎችን አንድ የብረት የሕፃን አልጋ አሸክሞ ደጃቸው ደረሰ። አልጋው ከአንድ ከተወረሰ የእርሻ ባለቤት ቤት የወጣ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ዙሪያውን ዘንግ በዘንግ፣ አንዱ ጎኑ በመንጠቆ ወደ ታች የሚለቀቅ ነበር።

«ጓዲት ወርቂቱ» አለ ገነነ፣ «አብዮቱ ላልተወለደውም ያስባል። በዚህ አልጋ ላይ የአድኃሪ ልጅ ሲተኛበት ኖሯል፤ ዛሬ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ይተኛበታል።»

ደግፌ እጅ ነሣ፤ እጅ ሲነሣም እንደ አባቱ ቤት ልማድ ወገቡን ሰብሮ ዝቅ አለ። ገነነ ዓይኑን አጠበበ።

«ቀና በል እንጂ ጓድ፤ ግቢ የገባህ መሰለህ?»

እነሱ ሲሄዱ ወርቂቱ በሩን ገርበብ አድርጋ አልጋውን ትመረምር ጀመር። ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ተልጦ ወደቀ። መንጠቆውን በክንዷ ገፋችው፤ ጎኑ ጓ! ብሎ ወረደ። ከዚያ ከጓዳ አንድ ክብ ቅል አምጥታ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ልታሳልፍ ሞከረች፤ ቅሉ አላልፍ አለ። ክንዷን ሰደደችው፤ እስከ ብብቷ ድረስ ገባ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ደግፌ።

«ልጅ እያስተኛሁ።»

«ቅል ነው የያዝሽው እኮ።»

«ራሱ ነው ቅሉ። እየው፤ እግሩ ያልፋል፣ ወገቡ ያልፋል፣ ራስ ግን ትቀራለች። የአባባ ግልገል እንዲህ ነው የሞተብን፤ በቀርከሃው አጥር ገላው አለፈ፣ አንገቱ ቀረ፤ ስንደርስ ተንጠልጥሎ ነበር።»

«ዘንጉን በጨርቅ እንጠቅልለዋ!»

«ጨርቅ ይፈታል። ቀለሙንስ? ልጅ ያገኘውን ይልሳል። ይቺን መንጠቆስ?»

ደግፌ ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሊቀመንበሩ የሰጠውን መመለስ ቀላል ነገር መሰለሽ እንዴ?»

«ማን እመልሳለሁ አለህ? ጥግ ላይ ይቆማል፤ ልብስ እናሰጣበታለን። አባባ ሌላ ይጎነጉንልኛል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጣት የማያሳልፍ፣ ነፋስ ግን የሚያሳልፍ።»

በዚያው ሳምንት ወደ ዶርዜ ለሚወጣ ሸማኔ ዘመዷ መልእክት ላከች፤ አቶ ካሱም ቀርከሃ ማስቆረጥ ጀመሩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልተረክሁትም ነበር። ግን ጥቂት ቆይቶ በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና ሴቱ ሁሉ ተሰለፈ። ከወርቂቱ ፊት የቆመችው ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት ነበረች፤ ከጫኖ ማንጎ እያመጣች የምትቸረችር፣ ምላሷ የተሳለ፣ ሆዷ ግን ቂም የማያውቅ አሮጊት።

«ወርቂቱዬ፣ ወርሽ ገባ አይደል? ለእንግዳሽ ምን አሰናዳሽለት? ወይስ እንደ እኔ ልጆች በማንጎ ቅርጫት ልታስተኚው ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ወርቂቱም ሳቀች። አማርኛ የገበያ ቋንቋዋ ነው፤ ትችለዋለች፤ ደስ ሲላት ግን ከምትችለው በላይ ትሄድበታለች። ርስት የወረሰ ርስት ወራሽ ሲባል ሰምታለች፤ ቤት የወረሰ ቤት ወራሽ ሲባል ሰምታለች፤ እንግዲህ የተወረሰ አልጋ የደረሰው ምን ይባላል?

«ምን ጠፍቶ እትዬ! የተወረሰ አልጋ ሰጥተውናል። ልጄ ገና ሳይወለድ አልጋ ወራሽ ሆኗል!»

የሚስቅ ጠፋ። ወርቂቱ ያልገባቸው መስሏት ታስረዳ ጀመር።

«አሁን ያለው አልጋ ግን አይጸናም። ላልቷል፤ ዛሬ ነገ ይወድቃል። ደግፌም ያውቃል፤ ፈርቶ ዝም ብሎ ነው እንጂ። ዋናው አልጋ ከላይ ከተራራው ይወርዳል፤ አባቴ ሰው ሰብስቦ እየሠራበት ነው።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሌላዋ፣ ተራዋ ደርሶ ሳለ፣ «ድስት ጥጄ መጥቼ!» ብላ ሰልፉን ጥላ ሄደች። የሺመቤት ዞራ የወርቂቱን ክንድ ጨመቅ አደረገችና በጆሮዋ «አፍሽን ያዢ፣ ልጄ» አለቻት። ወርቂቱ ይህን ሁሉ እንደ ቅናት ቆጠረችው፤ የሰው ዓይን በልጇ ላይ ያረፈ መስሏት ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እሷ የማታውቀውን እኛ ግን እንወቀው። የሊቀመንበሩ ሚስት አገርነሽ አትሰለፍም ነበር፤ በጓሮ በር ገብታ፣ ከሱቁ የጭቃ ግድግዳ በስተጀርባ ስኳሯን እያስመዘነች ሁሉንም ሰማች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ነገሩ አሳቃት፤ ማታ ለባሏ እራት ስታቀርብ እየተንከተከተች፣ የወርቂቱን የጋሞ አነጋገር እየቀዳች ተረከችለት። እሱ ግን አልሳቀም። ቁራሹን በእጁ እንደ ያዘ ቀረ።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ደግፌን ከመጋዘኑ ወሰዱት። ወርቂቱም ተጠራች።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የእህል ነጋዴ ቤት የነበረ ነው። ገነነ ከጠረጴዛው በስተኋላ ተቀምጧል፤ አንድ አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል። ለነፍሰ ጡሯ ወንበር ሰጣት፤ ያ ደግነቱ ከቁጣው ይልቅ አስፈራት።

«አልጋ ወራሹ ማን ነው?»

«ሆዴ ውስጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አብዮት ጠባቂው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ከተራራ የሚወርደውስ?»

«አልጋው ነዋ።»

«አልጋ በእግሩ ይሄዳል?»

«አባቴ ይሸከመዋል። ቀርከሃ ነው፤ አይከብድም።»

«የሰበሰባቸው ሰዎችስ ማን ማን ናቸው?»

«ቀርከሃ ሰንጣቂዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቆላ ወርደውም አያውቁ።»

«"አሁን ያለው አልጋ አይጸናም፤ ዛሬ ነገ ይወድቃል" ብለሻል። ይህስ የማን ነው?»

«እሱማ እርስዎ የሰጡን ነው!» አለች ወርቂቱ፤ ብላም ደነገጠች። «ማለቴ መንጠቆዋ… መንጠቆው ላልቷል ለማለት ነው። ጠልቼው አይደለም።»

 ገነነ፣ ልክ የዱሮ የቅኔ መምህሩ እንደሚያደርጉት፣ ሁለት ጣቶቹን አንሥቶ አንዱን አጠፈ።

«ሰሙ የሕፃን አልጋ ነው። ገባኝ። ወርቁ ግን የንጉሥ አልጋ ነው፤ ዙፋን ይመለሳል ማለት ነው። ይህን ቅኔ ደግሞ አንቺ አልፈጠርሽውም፤ አማርኛሽ ይህን አይችልም። የግራዝማች ልጅ አስጠንቶሽ ነው።»

«ጌታዬ፣ ቅኔ ምንድን ነው?»

«ጌታዬ አትበይኝ!»

እንግዲህ እዩ፤ ቋንቋውን አለማወቋ ነጻ ሊያወጣት ሲገባ ባሏን አሰረባት። ወርቂቱ የተናገረችው ሰም ብቻ ነበር፤ ወርቁን የጨመረበት ሰሚው ነው። ያን ጊዜ ግን ወርቅ የሌለው ሰም አለ ብሎ የሚያምን ሹም አልነበረም። ወጥታ ስትሄድ አብዮት ጠባቂው፣ አዝኖላት ይሁን ሊያስፈራራት፣ «ወደ ላይ ሳይላክ አንድ ነገር አድርጊ» አላት። ወደ ላይ ማለት ሴቻ ነው። በሲቀላ ሰው ዘንድ ወደ ላይ ተላከ የተባለ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚነሣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቂቱ ስንቅ ትቋጥራለች፤ ታስፈትሻለች፤ ትመለሳለች። መንገድ ላይ የሚያያትን ሁሉ በልቧ ትመረምራለች፤ ማን ነገረ? ማን ነገረ? ሐሳቧ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የሺመቤት ላይ ነበር። ጠያቂዋ እሷ ነበረች። ክንዷን የጨመቀችው እሷ ነበረች። «አፍሽን ያዢ» ማለቷስ «ይዤሻለሁ» ማለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እንዲህ እያለች ወርቂቱም ሳታውቀው ሰምና ወርቅ ትቆጥር ጀመር።

አንድ ቀን አብዮት ጠባቂዎች መጥተው የብረቱን አልጋ ለማስረጃ ነው ብለው ወሰዱት። በማግሥቱ ስንቅ ይዛ ስታልፍ ግን በሊቀመንበሩ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቆሞ አየችው። አገርነሽ አዲስ ፍራሽ ታነጥፍበታለች። የመንግሥት ንብረት እንዳይባክን ተብሎ ለሊቀመንበሩ ሴት ልጅ ለሉሊት ተሰጥቷል። ሉሊት ገና በደረቷ መሳብ የጀመረች፣ ስትስቅ ድዷ የሚያበራ ልጅ ነበረች።

ወርቂቱ እግሯ ከመንገዱ ጋር ተጣበቀ። እግር ያልፋል፤ ወገብ ያልፋል፤ ራስ ትቀራለች።

ቤቷ ስትደርስ የሺመቤት ደጃፉ ላይ ጎመን ይዛላት ተቀምጣ ነበር። ወርቂቱ ብትጠረጥራትም የምታማክረው ሌላ ሰው አልነበራትም፤ ነገሩን በግማሽ ነገረቻት።

«ዝም በይ» አለች አሮጊቷ ሳታመነታ። «ብትናገሪ ሟርተኛ ትባያለሽ። ልጅቷ ጉንፋን እንኳ ቢይዛት አንቺ ነሽ ያስያዝሻት። ባልሽ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ፣ አንቺ ለሊቀመንበር ልጅ?»

«ብትሞትስ እትዬ?»

«እግዜር ይጠብቃታላ! ለአንቺስ ማን አለሽ? አንቺ የምትጠብቂው በሆድሽ አለ።»

ምክሩ የእናት ምክር ነበር። ወርቂቱ ግን ሌሊቱን ገለበጠችው፤ ይህች ሴት ዝም በይ የምትለኝ ለምንድን ነው? ልጅቷ ብትሞትና ወርቂቱ አደጋውን ታውቅ እንደ ነበር ቢሰማ፣ ያን ጊዜስ ማን ያድናታል? ዝም ማለትም ወጥመድ ነው፤ መናገርም ወጥመድ ነው። ደግሞ በሆዷ ያለው ይገፋታል፤ በገፋት ቁጥር የዚያች የሌላይቱ ድድ በዓይኗ ይመጣባታል። ልጄን ልጠብቅ ብዬ የሰው ልጅ ሲታነቅ ባይ የእኔው በሰላም ይወጣልኛል ወይ? ብላ ፈራች። ፍርሃቷ ከደግነቷ ጋር ተባብሮ በጧቱ ወደ ሊቀመንበሩ ግቢ ወሰዳት።

አገርነሽ ብቻዋን ነበረች። ወርቂቱን ስታይ ደነገጠች፤ ዓይኗን ወዲያው መሬት ላይ ጣለች። ያ ድንጋጤ ከየት እንደ መጣ ወርቂቱ ልብ አላለችውም።

«ባልሽን ለማስፈታት ከሆነ እኔ አልችልም፤ እሱ ቤት ውስጥ የሥራ ነገር አይሰማም» አለች አገርነሽ።

«ለእሱ አይደለም የመጣሁት። ይቺን ልጅ እዚህ አልጋ ላይ አታስተኚያት።»

«ለምን?»

«ያንቃታል።»

አገርነሽ ወደ ኋላዋ ሸሸች። «አታሟርቺብኝ! በማርያም ይዤሻለሁ፣ ሂጂ ከዚህ!»

«ሟርት አላውቅም። ልጅቷን ስጪኝና ላሳይሽ።»

«ለአንቺ ነው ልጄን የምሰጠው?»

«እንግዲያው አንቺው ያዢያት። እዚያ አስተኚያትና እግሯን ወደ ዘንጉ አዙሪው። በቃ። እኔ አልነካትም።»

አገርነሽ ልትስቅባት፣ ልታሳፍራት ብላ ይመስለኛል፣ ልጇን አስተኛቻት። ሉሊት በደረቷ ተሳበች፤ እግሯን ወደ ብርሃኑ ሰደደች፤ ጭኗ አለፈ፤ ወገቧ እንደ ሳሙና አለፈ፤ ሆዷም አለፈ። ብብቷ ደርሶ ክንዶቿ ወደ ላይ ሲነሡ፣ አገጯ በዘንጉ ላይ አረፈና ልጅቷ ዝም አለች። ያ ዝምታ ነው እናቷን ያስጮሃት። አገርነሽ ልጇን ከውስጥ በክንዷ ትጎትታለች፤ አትመጣም። ወርቂቱ ከከበደ ሆዷ ጋር መሬት ላይ ተንበረከከችና ከውጭ በኩል የሕፃኗን እግር ተቀብላ ሽቅብ ደገፈቻት፤ ክብደቷ ከአንገቷ ላይ ተነሣ።

ገነነ ጩኸቱን ሰምቶ የገባው ይህን ጊዜ ነው። ያየው ነገር ይህ ነው፤ የፀረ አብዮተኛው ሚስት የልጁን እግር ይዛለች፤ የልጁ አንገት በብረት መካከል ነው። ሽጉጡን አወጣ።

«ልቀቂ! ልቀቂያት እላለሁ!»

«ብለቃት ትሞታለች» አለች ወርቂቱ፤ ቀና ብላም አላየችው።

«እንዳትለቂ!» ጮኸች አገርነሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ያንን ብረት ትተህ ይህንን ብረት ፈልቅቅልኝ!»

ሽጉጡን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ሁለቱን ዘንጎች በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን ተደግፎ ሳባቸው፤ ጥቂት ሰፋ አሉ፤ የሉሊት አገጭ ወጣ፤ ልጅቷም ወዲያው ግቢው እስኪያስተጋባ አለቀሰች። ከዚያ ለቅሶ የበለጠ ጣፋጭ ነገር በዚያ ዓመት በዚያ ቀበሌ አልተሰማም።

ገነነ ትንፋሹን ሰብስቦ ክንዱን በዘንጎቹ መካከል ሰደደው፤ መልሶ አወጣው፤ ደግሞ ሰደደው።  የመጀመሪያ ቃሉም ምን ይመስላችኋል?

«ይህን ለሌላ ለማን ተናግረሻል?»

«ለባሌ ነው የተናገርሁት፤ ገና ያመጡት ዕለት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ለእርስዎ መመለስ ያስፈራል አለ።»

ሊቀመንበሩ የልጁን እንባ በአውራ ጣቱ ጠረገ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ወርቂቱም አልጠበቀችም፤ ትቢያዋን አራግፋ ሄደች።

ደግፌ ወደ ላይ አልተላከም። ግን እንዲሁም አልተለቀቀም፤ በዚያ ዘመን የታሰረ ሰው ያለ ጥፋት ከተፈታ ጥፋቱ ወደ አሳሪው ይዞራልና። ስለዚህ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተደረገ። ሕዝቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል፤ ደግፌ ከስቶ፣ ሸሚዙ ተንጠልጥሎበት፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«እኔ ጓድ ደግፌ ውብአየሁ፣ ስለ አልጋ በቤቴ ውስጥ በግዴለሽነት እንዲነገር በመፍቀዴ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ በቤቴ መኝታ እንጂ አልጋ አይባልም።»

ከኋላ አንድ ሰው «የሆስፒታሉንስ ምን ልንለው ነው?» አለና ሳቅ ተነሣ፤ ወዲያው ግን ማን እንደ ሳቀ ለማየት ሁሉም ዞረ፤ ሳቁም ጠፋ። ገነነ ጠረጴዛውን መታ አደረገና «ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አለ። የብረቱ አልጋ በቀበሌው መጋዘን ገባ፤ ለሌላ ልጅም አልተሰጠም።

አቶ ካሱ ከዶርዜ የወረዱት ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። በኬላው ላይ «ተሸክመህ የመጣኸው ምንድን ነው?» ሲባሉ፣ አልጋ እንዳይሉ መልእክት ደርሷቸው ነበርና «የማንጎ ቅርጫት» ብለው አለፉ። ጥቅጥቅ ያለ የቀርከሃ ጉንጉን ነው፤ እግሩ ሰፊ፣ ጠርዙ እሾህ እንዳይኖረው በሸማ የተሰፋ። ወርቂቱ አባቷን ገና ሳታስቀምጥ በጣቷ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ በክንዷ ገፋችው፤ ጆሮዋን አስጠግታ ነቀነቀችው። አባቷ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «የእኔንም ትጠረጥሪያለሽ?» አሏት።

«ሁሉንም ነው፣ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ተቀመጡ።

አልጋ ወራሽ የተባለው ሲወለድ ሴት ሆነ። ባዩሽ አሏት። በቅርጫቷ ውስጥ፣ አያቷ ባሸመኑላት ስስ አጎበር ሥር ተኝታ አደገች፤ ወባም ዘንግም ሳይነካት። ክርስትና ስትነሣ ሊቀመንበሩ አልመጣም፤ ሃይማኖት ለሹም አይመችም ነበር። ሚስቱ ግን በጓሮ በኩል ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና የክርስትና እናቷ ሆነች። ወርቂቱ ራሷ ነበረች የለመነቻት፤ «በዚያ ክፉ ቀን ድምፅሽን ለእኔ ያነሣሽ አንቺ ነሽ» ብላ። አገርነሽም አለቀሰች፤ ሰውም የደስታ ዕንባ ነው አለ።

ዘመን አለፈ። ሊቀመንበሮቹ ወረዱ፤ ጓድ መባሉም ቀረ፤ ክፍለ ሀገሩም ሌላ ስም አገኘ። የዚያን ጊዜ ታሪክ ሲጻፍ ስለ አልጋ ብዙ ተጻፈ፤ ማን እንደ ወረደበት፣ ማን ሊወጣበት እንደ ተመኘ፣ ስንቱ ስለ እሱ እንደ ወደቀ። በአንድ ቀበሌ አልጋ የሚለው ቃል ራሱ ከአንድ ቤት እንደ ተሰደደ የጻፈ የለም፤ የሚጽፈውም ያውቀው ነበር አልልም።

የሺመቤት በእርጅና ስታርፍ ወርቂቱ ለቅሶ ደረሰች። ከዚያ ከስኳሩ ሰልፍ በኋላ ደጃፏን ረግጣላት አታውቅም ነበር፤ ሰላምታዋም ከአንገት በላይ ነበር፤ አሮጊቷም ምክንያቱን አንድ ቀን ሳትጠይቅ፣ ማንጎ በወረደ ቁጥር ለባዩሽ እየመረጠች ትልክ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ወርቂቱ ከአገርነሽ ጎን ተቀመጠችና፣ «ሟች አይወቀስም፤ ግን ነገር አመላላሽ ነበረች፤ እሱ ይቅር ይበላት» አለች።

አገርነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።